ቡና ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

የጤናና የሳይንስ ትምህርት (ከ6ኛ ክፍል በላይ ለሆኑ ተማሪዎች)



ባለፈው ወር በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ደም ስንማር አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና «መምህር፣ እናቴን ክሊኒክ ደም አንሶሻል፣ ቡና ቀንሺ ብለዋታል። አያቴ ደግሞ ቡና ጉልበት ነው፣ እሱን ከተውሽ ጭራሽ ትወድቂያለሽ ይሏታል። የማንን ትስማ?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም በዕለቱ የሰጠኋት መልስ የተድበሰበሰ ነበር። ከዚያ በኋላ መጻሕፍት አገላብጬ፣ የጤና ባለሙያዎችንም ጠይቄ ያገኘሁትን እነሆ አቀርብላችኋለሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ቤት ወስዳችሁ ለእናቶቻችሁ እንድታነቡላቸው አደራ እላለሁ። ጉዳዩ በይበልጥ የሚመለከተው እነሱን ነውና።

ቡና የእኛው አገር ተክል መሆኑን ታውቃላችሁ። በከፋና በአካባቢው ጫካዎች ውስጥ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲቦርቁ ስላየው እረኛ የሚነገረውን ተረትም ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችሁታል። ተረት ተረት ነው፤ ነገር ግን አንድ ቁም ነገር ይዟል። ሰው በቡና ላይ መጀመሪያ ያስተዋለው ነገር እንቅልፍ መከልከሉን ነው። «ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል» የሚለው ክርክርም የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1511 የመካ ገዥ የነበረው ኻይር ቤግ ቡና ያሰክራል፣ ሰውንም ለሐሜት ይሰበስባል ብሎ ከልክሎት ነበር። ክልከላው ግን ካይሮ በነበረው ሱልጣን ዘንድ ተቀባይነት ስላላገኘ አልዘለቀም።

በፍሬው ውስጥ ምን አለ?

በቡና ፍሬ ውስጥ ብዙ መቶ ዓይነት ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ። ከሁሉ የታወቀው ካፌይን ነው። ካፌይንን ከቡና ለይቶ ያወጣው ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1819 ነበር። ቡናውን ሰጥቶ እስቲ መርምረው ያለው ገጣሚው ጎተ ነው። አንድ የካፌይን ሞለኪውል 8 የካርቦን፣ 10 የሃይድሮጅን፣ 4 የናይትሮጅንና 2 የኦክስጅን አተሞች አሉት። ተክሉ ይህን የሚሠራው ለእኛ ብሎ ሳይሆን ነፍሳት እንዳይበሉት ራሱን ለመከላከል ነው።

ካፌይን እንዴት እንደሚያነቃ እንመልከት። ስንነቃና ስንሠራ ስንውል በአንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። አዴኖሲን በአንጎል ሴሎች ላይ ባሉ መቀበያዎች ላይ እየተቀመጠ «ደክሞሃል፣ ተኛ» የሚል መልእክት ያስተላልፋል። ካፌይን በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል ቀድሞ መቀመጫውን ይይዝበታል። መቀመጫው ተያዘ ማለት መልእክቱ አልደረሰም ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ድካሙ አልጠፋም፤ የጠፋው የድካሙ ወሬ ነው። ካፌይኑ ሲወጣ ተጠራቅሞ የቆየው አዴኖሲን መቀመጫው ላይ ስለሚሰፍር ሰውየው በአንድ ጊዜ ይዝላል።

የጠጣነው ካፌይን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በደማችን ውስጥ ከፍተኛው መጠን ላይ ይደርሳል። የሚያጣራው ጉበታችን ነው። በአንድ ጤናማ አዋቂ ሰው ዘንድ የጠጣው ካፌይን በግማሽ እስኪቀንስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከሰው ሰው ግን ይለያያል። ለምሳሌ ያህል ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ 100 ሚሊግራም ካፌይን የወሰደ ሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ 50፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደግሞ 25 ሚሊግራም በሰውነቱ ውስጥ ይኖረዋል። በመሆኑም «ቡና እኔን እንቅልፍ አይከለክለኝም» የሚሉ ሰዎች ቢተኙም እንቅልፋቸው የጠለቀ ላይሆን ይችላል።

ለፈተና የምትዘጋጁ ተማሪዎች

ይህን ክፍል የጻፍኩት በተለይ ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ነው። ፈተና ሲቃረብ ማታ ማታ ጀበና ከጎናችሁ አድርጋችሁ በፋኖስ እንደምታጠኑ አውቃለሁ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለአንድ የኬሚስትሪ ፈተና ሌሊቱን ሙሉ ቡና እየጠጣሁ አጥንቼ ነበር። ጠዋት ወረቀቱ ሲሰጠኝ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ይመታል፣ ያጠናሁት ገጽ ከነቁጥሩ ይታየኛል፤ በገጹ ላይ የተጻፈው ግን አይታየኝም። ምክንያቱን የተረዳሁት በኋላ ነው። ቀን የተማርነውን አንጎላችን አደላድሎ የሚያስቀምጠው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ አንድ ጥናት ሰዎች ከመኝታቸው 6 ሰዓት አስቀድመው 400 ሚሊግራም ካፌይን እንዲወስዱ ተደርጎ፣ እንቅልፋቸው ከአንድ ሰዓት በላይ አጥሮ ተገኝቷል። ስለዚህ ቡና ለጥናት ይረዳል የሚባለው ጠዋት ወይም ከቀትር በፊት ሲሆን እውነት ነው፤ በዚያን ጊዜ ንቃትና ትኩረት ይጨምራል። ማታ ሲሆን ግን በአንድ እጅ የሰጠውን በሌላው ይወስዳል።

ስንት ሲኒ ይበዛል?

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ለጤናማ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊግራም፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ እስከ 200 ሚሊግራም ካፌይን ችግር አያመጣም ብሏል። ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች የቀኑ መጠን 200 ሚሊግራም ነው። ለልጆችና ለወጣቶች በእያንዳንዱ የክብደት ኪሎ 3 ሚሊግራም እንደ መነሻ ተወስዷል።

ይህ ቁጥር በሲኒ ሲመነዘር ምን ያህል ይሆናል? ሒሳብ እንሥራ። በምሥራቅ አፍሪካ በብዛት የሚመረቱ ሁለት የቡና ዘሮች አሉ። የኢትዮጵያ ቡና፣ አብዛኛውም የኬንያ ቡና፣ አረቢካ የሚባለው ነው። ካፌይኑ ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማ ነው። በኡጋንዳ በብዛት የሚመረተው ሮቡስታ ግን የዚያን እጥፍ ሊይዝ ይችላል።

አንዲት እናት አፉ ድረስ ያልሞላ አንድ ሲኒ ጥሬ ቡና ቆሉ እንበል። ይህም 40 ግራም ነው ብለን እንውሰድ። የ40 ግራም 1.2 በመቶ 0.48 ግራም፣ ማለትም 480 ሚሊግራም ነው። ስድስት ሰው ሆነው አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ቢጠጡ፣ ሁሉም ካፌይን ውኃው ውስጥ ወጥቷል ብንል ለእያንዳንዱ 80 ሚሊግራም ይደርሰዋል። ይህ ከገደቡ በጣም ያነሰ ነው። ነገር ግን በእኛ ሰፈር ቡና በአንድ ቤት አያበቃም። ጠዋት እዚህ፣ ቀትር ላይ እዚያ፣ ወደ ማታ ደግሞ ሦስተኛ ቤት ይጠራል፤ የተጠራ ሰው ደግሞ ቀርቶ አይቀርም። ሦስት ቤት የጠጣ ሰው 240 ሚሊግራም አገኘ ማለት ነው። ለጤነኛ ጎልማሳ ምንም አይደል፤ ለነፍሰ ጡር ግን ከልኩ አለፈ። ቡናው ሮቡስታ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ወደ 480 ይወጣል፤ ያን ጊዜ ለጎልማሳውም በዛ። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ በቆርቆሮና በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠው በሙቅ ውኃ የሚበጠበጥ ቡና ብዙውን ጊዜ ሮቡስታ ይገባበታል።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ቶናና በረካ የሚፈሉት አቦል በተቀዳበት አተላ ላይ ውኃ እየተጨመረ ስለሆነ፣ አዲስ ቡና እስካልታከለ ድረስ ካፌይኑ እየቀነሰ ይሄዳል። አቦልን ለጎልማሶች፣ በረካን ለልጆችና ለደካሞች የሚሰጡ ቤቶች አሉ። ኬሚስትሪ ሳይማሩ ያወቁት ነገር ነው። እናንተም ነፍሰ ጡር እህት ካለቻችሁ፣ ከቡናው ሳትለይ፣ ከጨዋታውም ሳትቀር፣ አቦሉን አሳልፋ በረካውን እንድትጠጣ ልትነግሯት ትችላላችሁ።

በእርግዝና ጊዜ ለምን እንደሚቀነስ ደግሞ ምክንያቱ ይህ ነው። የነፍሰ ጡር ሴት ሰውነት ካፌይንን የሚያስወግደው በጣም በዝግታ ሲሆን፣ በመጨረሻዎቹ ወራት በግማሽ እስኪቀንስ 15 ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። ካፌይኑ ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ ጽንሱ ግን ሊያጣራው አይችልም። በብዛት መጠጣት ከውርጃና በዝቅተኛ ክብደት ከመወለድ ጋር ተያይዞ ስለተገኘ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ መክሯል።

ዋናው ጉዳይ፦ ቡና፣ ምግብና ደም

አሁን ወደዚያች ተማሪ ጥያቄ እንመለስ። ደማችንን ቀይ የሚያደርገው፣ ኦክስጅንንም ከሳንባ ተሸክሞ የሚያዞረው ሄሞግሎቢን የሚሠራው በብረት ነው። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት ሁሉ ቢሰበሰብ 3 ወይም 4 ግራም ቢሆን ነው፤ ከአንዲት ሚስማር አይበልጥም። ሆኖም ይህች ጥቂት ነገር ስትጎድል ሰው ይገረጣል፣ ሽቅብ ሲወጣ ያለከልካል፣ ዓይኑ ይጨልምበታል፣ ልጅ ከሆነ ትምህርት አይገባውም። ሴቶች በወር አበባ ደም ስለሚፈሳቸው፣ በእርግዝናና በወሊድም ጊዜ ብዙ ብረት ስለሚወጣባቸው ከወንዶች ይልቅ ይጋለጣሉ።

ብረት ከምግብ የምናገኘው በሁለት መልክ ነው። በሥጋ ውስጥ ያለው በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። በምስር፣ በባቄላ፣ በማሽላ፣ በጤፍና በጎመን ውስጥ ያለው ግን አስቸጋሪ ነው፤ ከምንበላው ውስጥ ሰውነታችን የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ነው። እኛ ደግሞ እዚህ ሥጋ የምናየው ለዓመት በዓል ነው። ስለዚህ ደማችን የተንጠለጠለው በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ብረት ላይ ነው።

እንግዲህ ቡና የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በቡናና በሻይ ውስጥ ፖሊፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ በሆድ ውስጥ ብረቱን ሲያገኙት ይይዙትና አብረውት ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣ ጥናት ሰዎች ሥጋ በዳቦ በልተው አንድ ስኒ ቡና ሲጠጡበት፣ ወደ ደማቸው የሚገባው ብረት በ39 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በቡናው ፈንታ ሻይ ሲሆን የቀነሰው በ64 በመቶ ነው! ይኸውም «ደም ስላነሰኝ ቡና ትቼ ሻይ ጀምሬያለሁ» የሚሉ ሰዎች ከድጡ ወደ ማጡ መግባታቸው ነው።

ከሁሉ የሚጠቅመን ግን የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል ነው። ቡናው ከምግቡ 1 ሰዓት ቀደም ብሎ ሲጠጣ በብረቱ ላይ ምንም ጉዳት አላደረሰም። ከምግቡ 1 ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን ጉዳቱ አብሮ እንደመጠጣት ሆኖ ተገኘ፤ ምግቡ ገና ሆድ ውስጥ ነውና። አሁን የእኛን ልማድ አስቡት። ምሳ ይበላል፣ ሳህን ይነሳል፣ ወዲያው ረከቦቱ ይቀርባል። ቡናውን ለመጠጣት ከቀኑ ሰዓቶች ሁሉ መጥፎውን መርጠን ይዘናል ማለት ነው።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት አሉ። ባለፈው ዓመት ነፍሰ ጡር ሳሉ ደማቸው አንሶ የብረት ክኒን ታዘዘላቸው። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳያቋርጡ ዋጡ፤ ደማቸው ግን ሲለካ ያው ነው። ክኒኑን አይወስዱም ተብለው ተወቀሱ፣ እሳቸውም አለቀሱ። አንድ ቀን ቤታቸው ቁጭ ብዬ ሳለ ክኒኗን አፋቸው ውስጥ ጣል አደረጉና በአቦል አወራረዷት። «ውኃው ያቅለሸልሸኛል፣ በቡና ሲሆን ግን ይወርድልኛል» አሉኝ። ለነርሷ ነገርናት፤ ክኒኑን ማታ ሊተኙ ሲሉ በውኃ፣ ሲገኝም ሎሚ ጠብ አድርገውበት እንዲውጡ፣ ቡናውን ደግሞ ከምግብና ከክኒን እንዲያርቁ መከረቻቸው። ከዚያ በኋላ ደማቸው ወጣ። ቡናው ብቻ ነበር ምክንያቱ ብዬ አልምልም፤ ነገር ግን ሌላ የተለወጠ ነገር አላየሁም።

ስለዚህ እንዴት እናድርግ? ቡናን እርም በሉ አላልኩም። ሰዓቱን እንለውጥ ነው የምለው። ጠዋት ከቁርስ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ማፍላት ይቻላል። የምሳውን ቡና ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አዘግይቶ፣ ወደ 9 ሰዓት ገደማ ማድረግ ነው። ከዚያ ካለፈ የማታውን እንቅልፍ ይነካል። ምስር ወጡ ላይ ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ቃሪያ ቢጨመር በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ለሕፃናት የሚሰጠውን የተመጣጠነ ዱቄት ገንፎ ሻይ ወይም ቡና አስከትሎ ማጉረስ ግን ብረቱን መልሶ መድፋት ነው። ደሙ ያልጎደለ፣ ደህና የሚበላ ወንድ በዚህ ብዙ መጨነቅ የለበትም። ነገሩ የሚበረታው በሴቶች፣ በልጆችና በተጎዱ ሰዎች ላይ ነው።

አንድ የሚያሳዝነኝን ነገርም ልናገር። ከሚሰፈርልን እህል ላይ ምስሩን ወይም ባቄላውን ሸጦ ቡና የሚገዛ ቤት ጥቂት አይደለም። ሰው ለምን ይህን እንደሚያደርግ ይገባኛል። ቡና በሌለበት ቤት ጎረቤት አይሰበሰብም፤ ማን እንደታመመ፣ ከማን ቤት መርዶ እንደመጣ፣ የማን ጉዳይ እንደተሳካ የሚሰማው በቡና ላይ ነው። ብቻዋን የቀረች ሴት ልቧ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ይህም ራሱ ጤና ነው። ግን ምስር ተሽጦ ሲሆን ኪሳራው ድርብ መሆኑን እንወቅ። ብረት ያለበት ምግብ ወጣ፣ የቀረውን ብረት የሚይዝ መጠጥ ገባ። ሦስትና አራት ቤት ተባብሮ በተራ ቢያፈላ ግን ወጪውም ከሰሉም ይቀንሳል፣ ጨዋታውም አይቀርም። አንዳንድ ብሎኮች ጀምረውታል።

ስለ ጨጓራ

«ቡና ጨጓራዬን ላጠኝ» የሚል ሰው የማታውቁ አይመስለኝም። ብዙውን የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስል የሚያመጣው ግን ቡና ሳይሆን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ይህን ያረጋገጡት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ናቸው። ማርሻል የሚያምነው ሰው ቢያጣ እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት አገኙ። በሽታው በአንቲባዮቲክ ይድናል። ቡና የጨጓራን አሲድ ስለሚጨምር የታመመውን ያባብስበታል፤ ባዶ ሆድ ላይ የሚያቃጥለው ሰው ቆሎ ወይም ፈንድሻ ቀመስ አድርጎ ይጠጣ። ሕመሙ ከቀጠለ፣ ሰገራው ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወከ ግን ጉዳዩ የቡና አይደለምና ወደ ክሊኒክ መሄድ ነው።

ጥቅሙስ?

ቡና ሲወቀስ ብቻ መዋሉ ፍርደ ገምድልነት ነው። በብዙ አገሮች በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ በልኩ ቡና የሚጠጡ ሰዎች በጉበት በሽታ፣ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታና ፓርኪንሰን በሚባለው የመንቀጥቀጥ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከማይጠጡት አንሶ ተገኝቷል። እዚህ ላይ ግን ተማሪዎች ሆይ፣ የሳይንስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለት ነገሮች አብረው ታዩ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። ምናልባት የታመመ ሰው ቡና ስለሚተው ይሆናል፤ ምናልባት ሌላ ምክንያት ይኖራል። ስለ ጉበት ያለው ማስረጃ ግን ጠንከር ያለ ነው።

በካንሰር ረገድም አስተያየቱ ተለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 ቡና የፊኛ ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል ብሎ መድቦት ነበር። በ2016 ማስረጃውን እንደገና መርምሮ ምድቡን አነሳው። በዚያው ጊዜ ግን ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ማንኛውም ትኩስ መጠጥ፣ ቡናም ሻይም ቢሆን፣ የምግብ ቧንቧን ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል አስታወቀ። ቡና ትኩሱን ካልጠጣሁት አይጥመኝም የምትሉ ሁሉ፣ ሲኒው ከንፈራችሁን የማያቃጥል እስኪሆን ጥቂት ታገሡ። ጀበናውንም ማቶቱ ላይ አስቀምጦ በደንብ ማስጠለል ጥሩ ነው። ባልተጣራ የተፈላ ቡና ውስጥ ኮሌስትሮልን የሚያበዛ ቅባት ስላለ፣ አተላውን አብሮ መጠጣት አይበጅም።

ከቡናው ይልቅ ጭሱ

ቤቶቻችን ጠባቦች ናቸው። ብርድ ወይም አቧራ ሲሆን በር ዘግተን፣ ከሰል ውስጥ አስገብተን፣ ቡና ቆልተን፣ ዕጣን ጨምረን እንቀመጣለን። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከሄሞግሎቢን ጋር ሲጣበቅ ከኦክስጅን በጣም ይበረታል። በር ተዘግቶ ሲጠራቀም መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያጥወለውላል፣ ከዚያ ሰው በተኛበት ይቀራል። ብዙ ጊዜ ይህን የራስ ምታት «ቡናው ገና ስላልደረሰልኝ ነው» እያልን እናልፈዋለን። መለያው እነሆ። በቤቱ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወደ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ የቡና ጉዳይ ሳይሆን የጋዝ ነው። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላችሁ፣ ቡናውን ደጅ ቆልታችሁ፣ በርና መስኮት ከፍታችሁ ጠጡ። ሕፃን አዝሎ ምድጃ ላይ መጎንበስም ለሕፃኑ ሳንባ አደገኛ ነው።

የእውነተኛው የቡና ሐራራ ራስ ምታት ግን የራሱ ጊዜ አለው። የለመደ ሰው ቡና ካጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ይደብተዋል፣ ይነጫነጫል። በሁለተኛው ቀን አካባቢ ይብስና ከ2 እስከ 9 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃል። የሚገድል ነገር አይደለም። ነገር ግን በጾም ወይም በገንዘብ እጥረት በአንዴ ከማቋረጥ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ሲኒ እየቀነሱ መሄድ ይቀላል። የመጀመሪያው የረመዳን ቀን ወይም የዐቢይ ጾም ሰኞ ቤት ውስጥ ቁጣ ከበዛ ምክንያቱን አሁን አወቃችሁ ማለት ነው።

ስኳሩንም አትርሱ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። በሲኒ ሁለት ማንኪያ አድርጎ ሦስት ሲኒ የጠጣ ሰው 24 ግራም ወሰደ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢቻል ከ25 ግራም እንዳያልፍ ይመክራልና በአንድ ቡና ብቻ የቀኑን ጨረሰ። በጨው የሚጠጡ ደግሞ የደም ግፊት ካለባቸው ጨዉን መተው አለባቸው።

መልመጃ

1. አንድ ቤት 60 ግራም አረቢካ ቡና ተቆልቶ ለ8 ሰው ተፈላ። ካፌይኑ 1.2 በመቶ ቢሆንና ሁሉም ቢወጣ ለአንድ ሰው ስንት ሚሊግራም ይደርሳል? ቡናው ሮቡስታ ቢሆንና ካፌይኑ እጥፍ ቢሆንስ?

2. ክብደቱ 35 ኪሎ የሆነ ተማሪ በቀን ከስንት ሚሊግራም ካፌይን ባያልፍ ይሻላል?

3. ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ 120 ሚሊግራም ካፌይን የወሰደ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ስንት ይቀረዋል? ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይስ?

4. ለአንድ ሳምንት በቤታችሁ ምሳ የተበላበትንና ቡና የተጠጣበትን ሰዓት በደብተራችሁ መዝግቡ። በመካከላቸው ያለውን ደቂቃ አስሉና በሚቀጥለው ሰኞ ይዛችሁ ኑ፤ የክፍሉን አማካይ ሰሌዳ ላይ አብረን እናወጣለን።